በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያልፉ የኮምፒዩተር ዐዋቂዎችን በአስጠኚነት ለመያዝ የወጣ የፌዝ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ በባሮ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ የምንኖር፣ ልጆቻችንን በላባችንና በጸሎታችን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረስን፣ ከዚያም በኮምፒዩተር ትምህርት ደጃፍ ላይ ቀጥ ብለን የቀረን አባቶችና እናቶች፣ በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ደጅ፣ ከሸኚውና ከተቀባዩ ጋር ጥላ ተሻምተን ተቀምጠን ሳለ፣ የአዲስ አበባው አውሮፕላን በደመና ምክንያት እንደሚዘገይ በተነገረን ጊዜ፣ ይህን ከሰማይ የተሰጠንን ትርፍ ሰዓት በሐሜት ከምናባክነው ለሕግ ማውጫ ይዋል ብለን፣ ማንም ሥልጣን ሳይሰጠን፣ ማንም ደግሞ ሳይከለክለን፣ ቀጥሎ ያለውን አውጀናል።

ለአዋጁ መውጣት ምክንያት የሆነችን ከመካከላችን የአንዷ እናት ልጅ ናት። ይህች ልጅ መብራት ከጠፋ በኋላ በሞባይል ባትሪ ብርሃን ስታጠና ተገኝታ፣ ምን እንደምታጠና በተጠየቀች ጊዜ ደብተሯን ገልጣ አሳየች፤ በደብተሩም ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ የፕሮግራም ትእዛዝ ነበረ፤ ኮምፒዩተር በቤቷ ስለሌለ፣ በትምህርት ቤትም ተራ እስኪደርሳት ደወሉ ስለሚቀድማት፣ ራሷ ኮምፒዩተር ሆና፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ የሚይዘውን ዋጋ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ እየጻፈች፣ ዋጋው ሲለወጥ አሮጌውን እየሰረዘች አዲሱን እየተካች ትሄድ ነበር። በሰባተኛው መስመር ላይ ግን ያው አንድ ቁጥር ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ ደግሞ ያው ቁጥር ተጽፎ፣ ኅዳጉ በሙሉ በአንድ ዓይነት ቁጥር ጠቁሯል፤ ልጅቱም የምትጠይቀው ሰው ስለሌላት እርሳሷን አስቀምጣ ቁጭ ብላለች።

ነገሩን ለሚንቅ ሰው እናስታውሰው። እንግሊዛዊቷ አዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. በ1843 ለቻርልስ ባቤጅ የትንታኔ ሞተር የስሌት ሥርዐት ጽፋ ስታሳትም ሞተሩ ገና አልተሠራም፤ ባቤጅ እስኪሞትም ድረስ ተሠርቶ አልተፈጸመም፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ፕሮግራም መጻፍ የድኾች ልጆች ጉድለት ሳይሆን የሙያው ጥንታዊ ሥርዐት ነው። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ይህቺኑ ወይዘሮ አውጉስጦስ ደ ሞርጋን የተባለው የሂሳብ ሊቅ በደብዳቤ ያስጠናት እንደ ነበር አትርሳ፤ እሷ ሰባተኛ መስመር ላይ ስትደርስ ደብዳቤ የምትልክለት ሰው ነበራት፤ የኛዪቱ የላትም።

የሌላትስ ስለ ምንድን ነው ቢባል፣ አስጠኚ በአገሩ ጠፍቶ አይደለም። ለሂሳብ፣ ለፊዚክስ፣ ለእንግሊዝኛ የሚሆን አስጠኚ በየምሰሶው ላይ ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ወላጅ ያለ የሌለ ገንዘቡን የሚያፈሰው ፈተናው ላይ ለሚመጣው ትምህርት ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት ግን በክፍል ይሰጣል እንጂ በመግቢያ ፈተናው ላይ አይመጣም፤ የማይመጣውንም የሚያስጠና የለም፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት ፕሮግራሚንግ የተባለው ኮርስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ነው፣ ማነው ይህን ሳላውቅ ያሳለፈኝ ብሎ የሚጮኸው። ይህን ሥርዐት ያወጡት ሊቃውንት ምን አስበው እንደ ሆነ መርምረን ለመድረስ ሞክረን ነበር፤ ሙቀቱ ስላየለብን ትተነዋል።

ቀድሞ ትምህርት ፈላጊው ራሱ ይሄድ ነበር። ቅኔ የፈለገ አኮፋዳውን አንግቶ ዋሸራ ይወርዳል፣ ድጓ የፈለገ ቤተ ልሔም ይዘልቃል፤ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። የኛ ከተማ ሥርዐት ግን ከጥንትም ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚህ ነገር የሚመጣው በማለፊያ ነው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ጋምቤላ የንግድ ወደብ ከሆነች ወዲህ፣ ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ባሮ በክረምት ሲሞላ እየመጡ፣ ጨውና አቡጀዲ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ የከርሞ ሰው ይበለን ይባላል። ዛሬ መርከቡ ቀርቶ አውሮፕላኑ ተተክቷል፤ ዕውቀትም ላፕቶፑን አንግቶ በጠዋቱ በረራ ይወርዳል፣ ስብሰባውን ጨርሶ በሚቀጥለው ይሳፈራል። ልዩነቱ የመርከቡ ሰዎች ቢያንስ ጨዉን ያራግፉ የነበረ መሆኑ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ሆኖ ታውጇል።

አንቀጽ ፩። በዚህ አዋጅ የኮምፒዩተር ዐዋቂ ማለት ማን እንደ ሆነ መወሰን አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል፤ በከተማችን ኮምፒዩተር ይችላል የሚባለው ብዙ ነውና። ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው፣ ማመልከቻ የሚተይበው፣ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚሞላው፣ የሞባይል ስክሪን የሚቀይረው፣ ሁሉም በየሙያቸው የተከበሩ ናቸው፤ ይህንንም አዋጅ ያለ እነሱ አትመን ባላወጣነው ነበር። ሆኖም ከመካከላችን አንድ የተከበሩ አባት፣ ዊንዶውስ በመጫን ስሙ የተጠራ ጎልማሳ ለልጃቸው አስጠኚ አድርገው ቀጥረው፣ ያ ጎልማሳ በመጀመሪያው ቀን ከዘመድ በውሰት የመጣውን ኮምፒዩተር ፎርማት አድርጎ፣ የልጁን የቤት ሥራና የዘመድየውን የሠርግ ፎቶግራፍ አንድ ላይ ወደማይመለሱበት ሰዶ፣ «አሁን ፈጠነልዎ ጋሼ» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ከዚህ የተነሣ ዐዋቂ ማለት ፕሮግራም ጽፎ፣ የጻፈው አልሠራ ብሎት፣ ለምን እንዳልሠራ ፈልጎ ያገኘ ሰው ማለት ነው። አልሠራ ብሎኝ አያውቅም የሚል ቢገኝ፣ ውሸታም ነውና በሰላም ይሳፈር።

አንቀጽ ፪። እንዲህ ያለው ሰው የሚታወቅባቸው ምልክቶች፦ የጀርባ ቦርሳ፣ በአንገት የተንጠለጠለ መታወቂያ፣ ከወንበር ይልቅ የግድግዳ ሶኬት ፈልጎ መቀመጥ፣ ሰላምታ ከማቅረብ በፊት ኔትወርክ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ። ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ወገኖች በብዛት ተጠልለው በሚገኙበት በዚህ ክልል፣ ምዝገባውን በኮምፒዩተር የሚያስኬድ የርዳታ ድርጅት ባለሙያ ሳይመጣና ሳይሄድ የሚውልበት ሳምንት ጥቂት ነው፤ ለአቅም ግንባታ ሥልጠና የሚመጣው አለ፤ ከጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚበርረው መምህር አለ። እነዚህ ሁሉ በአንድ በር ገብተው በዚያው በር ይወጣሉ፤ መንገደኛም ከበረራው ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ይገኝ የሚል ሥርዐት ስላለ፣ ያ ሁለት ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ የልጆቻችን የጥናት ሰዓት ሆኖ ተወስኗል። አፈጻጸሙም ከፍተሻ በፊት፣ በደጅ፣ በትሕትና ይሆናል። ክንድ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ቦርሳ መያዝ ግን፣ ለማገዝ እስከ ሆነ ድረስ፣ ይፈቀዳል።

አንቀጽ ፫። ስለ አስተማማር። ይህ አንቀጽ ሊረዝም ነው፤ የተቻኮለ ወደ ክፍያው ይለፍ።

አስጠኚው ትምህርቱን የሚጀምረው ከፊቱ ካለው ነገር ይሁን። ከፊቱ ያለው የሻንጣ ሚዛን ነው። ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ሻንጣ እስካለ ድረስ ይመዝናል፤ ክብደቱ ከተፈቀደው ካለፈ ያስከፍላል፤ ካላለፈ መለያ ለጥፎ ያሳልፋል፤ ቀጥሎ ወዳለው ሻንጣ ይሄዳል። ይኸው ነው፤ ዙር የሚባለው ትእዛዝም ሆነ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚባለው ውሳኔ እዚህ ወረፋ ላይ ቆሞ ይታያል። አሁን ደግሞ ከአራቱ ትእዛዛት የመጨረሻውን፣ ወደሚቀጥለው ሂድ የሚለውን ብቻ እንሰርዘው። ሠራተኛው የአንዲት ወይዘሮ ሻንጣ ይመዝናል፣ መለያ ይለጥፋል፣ ሻንጣ አለ ወይ ብሎ ያያል፣ አለ፤ ያንኑ ደግሞ ይመዝናል፣ ደግሞ ይለጥፋል፤ እንዲህ እያለ ወረፋው ሳይንቀሳቀስ፣ ሻንጣው በመለያ ተሸፍኖ ቀለሙ ሳይታይ፣ እስከ ዳግም ምጽአት ይመዝናል። ሠራተኛው አልሰነፈም፣ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን አንድ ሳያጓድል እየፈጸመ ነው፤ የጎደለው ከአዛዡ ነው።

የልጅቱ ሰባተኛ መስመር በሽታ ይህ ነበረ። ቆጣሪውን በአንድ ጨምር የሚለውን መስመር ረስታ፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሻንጣ ስትመዝን አድራለች። ይህን የነገራት ማን እንደ ሆነ ብትጠይቁ፣ ስሙን ያልጠየቅነው አንድ መንገደኛ ወጣት ነው፤ እናቷ ዘመድ ልትቀበል ስትመጣ ልጅቱ ደብተሯን ይዛ አብራት መጥታ፣ እሱም አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ሳያስቡት በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አይቶ «ቆጣሪሽ አይንቀሳቀስም እኮ እኅቴ» አላት። የፈጀበት ጊዜ የያዘው ሻይ ከሚበርድበት አይበልጥም። አዋጁን የወለደው ያ ሻይ ነው።

አንቀጽ ፬። አስጠኚው መልሱን ራሱ ጽፎ መስጠት አይችልም። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ፣ ቢያሳክከውም ታግሦ፣ ልጁ ራሱ እስኪያገኘው ይጠብቃል። ይህ ቀላል ነው የሚለውን ቃል በልጅ ፊት ያወጣ፣ ከመስኮት አጠገብ ያለውን መቀመጫ ልጅ አዝላ ለምትሄድ እናት በመልቀቅ ንስሐውን ይፈጽማል።

አንቀጽ ፭። ቋንቋን በተመለከተ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያው በአማርኛ ነው፣ የልጁ ሐሳብ ደግሞ በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛ ወይም በማጃንግኛ ነው፤ አስጠኚው በሦስተኛው ማብራራት ባይችል እንኳ ልጁ በሦስተኛው አስቦ እስኪመለስ ዝም ይበል።

አንቀጽ ፮። አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ሁሉ ሰምተው፣ ሰው ምን ያደርግላችኋል፣ ማሽኑ ራሱ ያስተምራቸው የለም ወይ ብለውናል። ማሽን የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ በየሁለተኛ ደረጃው የተሰቀለው የፕላዝማ መምህር በሳተላይት መጥቶ፣ ጥያቄውን ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ፣ ማንም ሳይመልስለት «ትክክል ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ደግሞ ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስን፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ ኮምፒዩተርና ኔትወርክ ላለው ሰው እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ልጆቻችንም ኔትወርክ በተገኘበት ሌሊት ሁሉ እንዲከታተሉት አዝዘናል። እንዲሁም የሰው ሠራሽ አስተውሎት በስልክ የሚጠየቅበት ዘመን ስለ ሆነ፣ ልጅ ቢጠይቀው አንከለክልም፤ ቢጠየቅ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ብዙ ጊዜ ስሕተቱን አርሞ ሙሉውን ፕሮግራም ጽፎ ይሰጣል፣ ልጁም ገልብጦ ይተኛል፤ ይህም በአንቀጽ ፬ የተከለከለ ነው። እኛ የምንፈልገው ልጁ ግንባሩን ሲቋጥር አይቶ የቱ ላይ እንደ ጠፋበት የሚያውቀውን ነው።

አንቀጽ ፯። ክፍያ። ለአንድ ሰዓት ጥናት በማንጎ ወራት አንድ ማዳበሪያ ማንጎ፣ ከማንጎ ወራት ውጭ የባሮ ደረቅ ዓሣ ወይም የማጃንግ ማር፣ እንደ አስጠኚው ምርጫ ይከፈላል። ስጦታው ሻንጣውን ከተፈቀደው ክብደት ቢያሳልፍበት ተጨማሪውን የሚከፍለው ራሱ ነው፤ በአንቀጽ ፫ ያስተማረውን ከማንም ይልቅ እሱ ያውቀዋልና። ዓሣ የመረጠ አጠገቡ ለሚቀመጠው መንገደኛ አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ።

አንቀጽ ፰። አስጠኚው ስልክ ቁጥሩን ሳይሰጥ አይሳፈርም። ደ ሞርጋን በደብዳቤ ያስጠናውን እሱ በቴሌግራም ሊያስጠና ይችላል፤ ልጁም የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ይልክለታል። በሦስት ቀን ውስጥ ያልመለሰ፣ ተመልሶ በመጣ ጊዜ በተቀባዮች ፊት ስሙ ይነበባል። መምጣቱ አይቀርም፤ ስብሰባ አለበት።

አንቀጽ ፱። ከዚህ ቀደም ማንም ወላጅ ለዘመዱ ብቻ ሲል ደብቆ ያቆየው የኮምፒዩተር ዐዋቂ ቢኖር፣ ይህ አዋጅ ከወጣ በኋላ የጋራ ሀብት ነው።

አንቀጽ ፲። ይህ አዋጅ የሚቀጥለው በረራ መንገደኞች ከታክሲና ከባጃጅ መውረድ ከጀመሩበት ደቂቃ አንሥቶ የጸና ይሆናል። መንገደኛው የባትሪዬ ኃይል አልቋል የሚል ምክንያት እንዳያቀርብ የማራዘሚያ ገመድና ማከፋፈያ እኛ ይዘን እንቀርባለን፤ መብራት ከሌለም ደብተርና እርሳስ አለ፤ ልጆቹ በዚያ መሥራት ለምደዋል።