ቀዳማዊ ኤክስካቫተር ያወጁት አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሞዓ ግድግዳ ዘእምነገደ ብረት፣ ቀዳማዊ ኤክስካቫተር፣ ሥዩመ ናፍጣ፣ ንጉሠ ፍርስራሽ ዘአዲስ አበባ፦

የተወደድከው ሕዝባችን ሆይ! በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን፣ በ2017 መግቢያ ካዛንቺስን ስንጎበኝ ላደረግህልን አቀባበል እናመሰግናለን። መተላለፊያው ጠቦን ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም ማለቱን ሰምተናል። ለንባብ ግን ዓይን አልተፈጠረልንም፤ የተፈጠረልን አካፋ ነው።

ለዚህ ድል ያበቃንን ባለውለታ አንረሳም። የመጀመሪያው ኒሻን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለወረሰው ለአዋጅ ቁጥር 47/1967 ይሁን። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የመንግሥት፣ ፍሳሹ የተከራዩ ሆነ። ቀበሌ ጥቂት ብር ኪራይ እየተቀበለ አንድ ሚስማር አልመታም፤ ተከራዩ በገዛ ገንዘቡ ቆርቆሮ ልቀይር ሲል ፈቃድ አምጣ ተባለ። ግማሽ ምዕተ ዓመት እድሳት ያላየን የጭቃ ቤት «አርጅቷል፣ ለኑሮ አይመችም» ብሎ መፈረጅ ምን ይከብዳል? ሥራውን የጨረሰው ዝናብ ነው፤ እኛ የደረስነው ለምርቃቱ ነው።

ጣይቱ ሆቴልን በ2007 ዓ.ም. እሳት ሞክሮት ስላልጨረሰው ለጊዜው ምረናል።

ቅርስ ይጠበቅ የምትሉ ማኅበራትም አትስጉ። ፊርማ ማሰባሰብ፣ ዐውደ ጥናት ማካሄድ፣ የእንጨት በረንዳ ፎቶ ማንሳት ፈቅደናል። አጥብቀን የምንከለክለው አንድ ነገር ነው፦ ከበረንዳው በስተጀርባ የሚኖረውን ሰው አብሮ መቁጠር። እናንተ ለግድግዳው ስትሟገቱ እኛ ቡና አጣጮቹን አንዱን ገላን ጉራ፣ ሌላውን ሌላ ዳርቻ እንልካለን። እድሩ ድንኳኑን የት እንደሚተክል ግራ ሲገባው ሰፈሩ በራሱ ይፈርሳል፤ ናፍጣም አይፈጅብንም። (በመካከላችን ይቅርና፣ የሚያስፈራን ካርታ ይዞ የሚመጣ የቅርስ ባለሙያ አይደለም፤ ጡሩንባ አስነፍቶ ሰፈሩን የሚሰበስብ የእድር ዳኛ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን አብረው የመጡ እንደሆነ ጋራዥ መግባታችን ነው።)

ቅሬታ ያለው ማመልከቻውን ለቀበሌው ያስገባ፤ ቀበሌው ፈርሶ ከሆነ በክምሩ ላይ ድንጋይ ጭኖበት ይሂድ።

ይህ አዋጅ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። የተለጠፈበት ግድግዳ ነገ ጠዋት ስለሚፈርስ ዛሬውኑ አንብቡት፤ ለእድር ዳኛችሁ ግን አደራ፣ እንዳታሳዩት።