ከጥሩ ተቀድቶ በምን መጣ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሉኛል፣ መካነ ሰላም ላይ ስለ እርሳስ አፌን በከፈትኩ ቁጥር። መልካም፤ ከጥሩ ተቀዳ፤ ታዲያ በምን መጣ? የወረዳችንን የቦረናን ምንጭ ያማ የለም። እኔ የማማው ከምንጩ እስከ አፋችን ያለውን ብረት ነው፦ የናሱን የቧንቧ ራስ፣ ቫልቩን፣ በእርሳስ የተበየደውን መጋጠሚያ፣ ያረጀውን ጋልቫናይዝድ ቧንቧ። እርሳስ ውሃው ውስጥ የሚገባው እዚያ ነው። ሲገባም ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው።

«አያቶቻችን በዚሁ ውሃ አርጅተው ሞቱ» የሚልም አለ። በዚሁ ውሃ እንጂ በዚሁ ቧንቧ መች አረጁ! እነሱ በቅል ቀዱ፣ እኛ በናስ ቀዳን።

«አብሽር፣ አፍልተን ነው የምንጠጣው።» እታለም፣ ማፍላትሽ ጀርሙን ይገድላል፤ እርሳስ ግን ነፍስ የለውም፣ በእሳት አይሞትም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ እርሳሱ እዚያው ይቀራል፤ የቀረው ውሃ ይብስበታል። ውሃ አጋርም ለተቅማጥ ነው እንጂ ለእርሳስ አልተሠራም።

ይልቅ ጎህ ሲቀድ ጀበናው የሚሞላበትን ውሃ እንየው። ቧንቧው ማታ ተዘግቷል። ናሱ ውስጥ የቀረው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ከብረቱ ላይ እርሳስ ሲያሟሟ አድሯል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርማ ቀናት ይተኛል። ጠዋት ሲከፈት ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። የሚገባውም አቦሉ ውስጥ ነው፤ ሲብስም የሕፃኑ ጡጦ ውስጥ። «ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ልድፋው ወይ?» ማን ድፊው አለሽ! ባልዲ ይቀበለው። ለሱብሂ ውዱእ ይሁን፣ ፊት ይታጠቡበት፣ ልብስ ይታጠብበት፤ እርሳሱ የሚጎዳው ሲጠጣ ነው፣ በቆዳ በኩል ይህን ያህል አይገባም። ለመጠጥ፣ ለቡናና ለወጥ የሚሆነው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የውሃ ማሞቂያ ያለው ቤትም ከሙቁ ቧንቧ ለምግብ አይቅዳ፤ ሙቅ ውሃ እርሳስ ይበልጥ ያሟሟል።

«ለዚች ትንሽ ነገር?» ትንሽ ናት፣ የምትገባው ግን ትንሽ ልጅ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ሰውነታቸው የሚወስደው ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሴቷ ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ጽንሱ ይደርሳል። አእምሮን ነው የሚጎዳው። ይህን ያህል ቢሆን ደህና ነው የሚባል ልክ አልተገኘለትም። ከዚያ ልጁ ፊደል አልያዝ ሲለው ሰነፍ ብለን እንቆጣዋለን።

«ቢኖርበትማ ይነግሩን ነበር!» በአሜሪካ የፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃው ምንጭ ሲቀየር፣ ውሃው ቧንቧውን እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል ሳይጨመር ቀረ። ሕዝቡ ከአንድ ዓመት በላይ ጮኸ፤ ደህና ነው ተባለ። የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሃና አቲሻ በ2015 የልጆቹን የደም ውጤት ይዛ አደባባይ ወጣች፣ ያኔ ታመነ። ፍሊንት ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ አፍሪካ እንምጣ፦ በጋና፣ በማሊና በኒጀር 261 የውሃ ተቋማት ተመርምረው ወደ 9 በመቶ በሚሆኑት እርሳሱ ከልክ በላይ ተገኘ፤ መነሻው የናስ ዕቃው ነበር። በየቀበሌው የምንነቀንቀው የእጅ ፓምፕ ውስጥም ናስ አለ።

«ሕግ አለ አይደል?» አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ የቀለምን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ ላይ ወስኖታል። ደግ አደረገ! ግድግዳ የማይነካ ሕፃን ይኖራል፤ ውሃ የማይጠጣ ግን የለም። የመጠጥ ውሃ ደረጃችንም በሊትር ከ10 ማይክሮግራም አይለፍ ይላል። የሚጎድለው ዕቃው ሲገዛ የሚጠይቅ ሰው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለመጠጥ ውሃ የሚሸጥ የቧንቧ ዕቃ ውሃ በሚነካው ገጹ በአማካይ ከ0.25 በመቶ በላይ እርሳስ እንዳይኖረው አስገድዳለች። ይህችን አንዲት መስመር የጨረታ ሰነድ ላይ መጻፍ ምን ይከብዳል?

«እንግዲህ ወደ ወንዝ እንመለስ በለና!» በፍጹም! የወንዝ ውሃ ልጅን በሳምንት ሊገድል ይችላል። ቦኖው ይቆይልን፣ ይብዛልን፤ ናሱ ይቀየርልን ነው የምለው። የውሃ ኮሚቴው መለዋወጫ ሲገዛ «እርሳሱ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ነጋዴው ካላወቀ አስመጪውን ይጠይቅልን። ለምርመራ ናሙና ሲወሰድም ከጉድጓዱ አፍ ብቻ አይሁን። ከሰው ቤት ይወሰድ፣ ጠዋት፣ ማንም ቧንቧውን ሳይከፍት፣ ያደረው ውሃ።