ሌላው ተስሎ፣ ሌላው ሲከፍል

ልብ ወለድ የልጄን እምነት ይወስድብኛል ብሎ የሚሠጋ ወላጅ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለው፤ የጠረጠረውን መጽሐፍ አያነብም። ሽፋኑን አገላብጦ ያያል፣ የደራሲውን ፎቶግራፍ ጠጋ ብሎ ይመረምራል (ጢም ካለው ነገሩ ይከብዳል)፣ መሐል ላይ ከፈት አድርጎ «ከንፈር» የሚል ቃል ይፈልጋል። ካገኘ መጽሐፉ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ካላገኘ «አንብቢ፣ ግን ከትምህርትሽ እንዳያሰናክልሽ» ተብሎ ይመለሳል። ቁም ሣጥን ላይ የወጣው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ፍራሽ ሥር ይገባል፤ ይህን ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም፣ የከለከለውም ጭምር።

ቢያነበው ኖሮ ይበልጥ በደነገጠ ነበር። ስለ ልጅ ማደግና ስለ እምነት የተጻፉ ልብ ወለዶች ውስጥ ልጁን ከመቅደስ የሚያስወጣው ከተማው ወይም ክፉ ጓደኛ ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍትለት እቤት ያለ ትልቅ ሰው ነው፤ ያውም ልጁን ሳያማክር በስሙ አንዳች ነገር የተሳለ ትልቅ ሰው።

ስለትን እኛ እናውቀዋለን። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ የተሳለ ሰው ሲሳካለት ጃንጥላውን ገዝቶ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቶ ያስረክባል። ጃንጥላው ካደገ በኋላ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ የለም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ግን ስለቱ ራሱ እግር አለው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ፣ ቢያድግላቸው የእግዚአብሔር አገልጋይ ሊያደርጉት ይሳላሉ። ልጁም ያድጋል። ከፊደል እስከ ቅኔ ይዘልቃል፣ የቅኔ መምህር ይወጣዋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ወገን ተደስቷል፤ ወላጆች ልጃቸው ተርፎላቸዋል፣ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አግኝታለች። ከዚያ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምርላቸው ቤታቸው ያስገቡታል።

የቀረውን፣ የሁለቱን ፍቅር፣ ሁሉም ሰው ያውቃል። እንዲያውም ችግሩ ሁሉም ሰው ማወቁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን መጽሐፍ «አንብቤዋለሁ» ከሚሉት መካከል ስንቱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ እንደሰማው ቢጣራ ብዙ ሰው አንገቱን ይደፋል። (በዚያ ድምፅ መስማት ከማንበብ አያንስም፤ ውሸቱ ግን ውሸት ነው።) በዚያ ላይ ርዕሱ «ፍቅር» ብሎ ስለሚጀምር፣ አንባቢው ሰብለን ሲጠብቅ ልጁን ያልፈዋል። በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ላይ ብዙ አይቆይም፤ የቆሎ ተማሪው ኑሮ ሲመጣ ገጹን ፈጠን ፈጠን ያደርጋል፤ ፊታውራሪ ቤት ሲደርስ ብቻ ተደላድሎ ይቀመጣል። ተማሪም «ጭብጡ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ፍቅርና የፊውዳሉ ሥርዓት» ብሎ ሙሉ ማርክ ያገኛል።

በዛብህን ግን ያስጨነቀው የፊታውራሪው ትዕቢት ብቻ አልነበረም። ሴት መውደድ ለሌላው ጎረምሳ ሕመም ነው፤ ለእሱ ዕዳ ማጉደልም ነው፣ ያውም ራሱ ያልተበደረውን ዕዳ። ሐዲስ ነገሩን በሩቁ የሰሙት አልነበረም። ጎጃም ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ የቆሎ ተማሪውን ሲጽፉ አይሳለቁበትም፣ አያቆነጁትምም። እኔ እንደሚመስለኝ መጽሐፉ በእጃችን ካሉት የልጅ ማደግ ታሪኮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ እኛ ግን ሰብለ ወንጌልን ስናይ ሌላውን ረሳነው።

በዚያው መጽሐፍ ነባሩን ወግና ሥርዓት የሚተቸውን ጉዱ ካሣንም ሳላነሣ አላልፍም። ጉዱ ካሣን የማይወድ አንባቢ አላጋጠመኝም፤ ጉዱ ካሣ ልጁን እንዲያስጠናለት የሚፈልግ አንባቢም አላጋጠመኝም። በየመድረኩ ስሙ ይጠራል፣ ይጨበጨብለታል። እያጨበጨበ ያመሸው ሰውዬ እቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጁ «አባዬ፣ የምንጾመው ለምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቀው መልሱ «ዝም ብለሽ ጹሚ!» ነው። ጥያቄው የክህደት አልነበረም። መልሱን ስለማያውቀው ግን ክህደት መሰለው።

ዛሬ ልጁን ለደብር የሚሳል ወላጅ ቀንሷል። ለሕክምና ፋኩልቲ የሚሳለው ግን አልቀነሰም፤ «ዶክተሯ» የሚባለው ልጅቷ ጥርስ ሳታበቅል ነው። ሁለቱን አጣምሮ የሚሳልም አለ፤ በሥራ ቀን ሐኪም፣ በሰንበት ዘማሪት።

ምንም ባይሳሉስ? ይህም ተሞክሯል። አሜሪካዊቷ ጁዲ ብሉም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ማርጋሬት የምትባል፣ 12 ዓመት ሊሞላት የደረሰ ልጅ አለች። አባቷ አይሁዳዊ፣ እናቷ ክርስቲያን ናት። የእናቷ ወላጆች ልጃቸው አይሁዳዊ በማግባቷ አኩርፈው ዓመታት ኖረዋል። ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ከዚህ ጣጣ ለማዳን ተስማሙ፤ ሃይማኖት አይኖራትም፣ ስታድግ ራሷ ትመርጣለች። ቅን ሐሳብ ነው። ከኒው ዮርክ ወደ ኒው ጀርዚ ሲዛወሩ ግን ማርጋሬት የምታገኛቸው ልጆች ሁሉ የሆነ ቦታ አባል ናቸው፤ ግማሹ ወወክማ፣ ግማሹ የአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል። «ገና አልወሰንኩም» የሚባል መዋኛ በከተማው የለም።

ሌላው ልጅ ከወላጆቹ ተደብቆ ሲጋራ ይሞክራል፤ ማርጋሬት ተደብቃ ትጸልያለች። እቤት ማንም ሳያውቅ ከእግዚአብሔር ጋር ታወራለች። ከአያቷ ጋር ምኩራብ ትሄዳለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ አገልግሎቱ ሲረዝምባት የሰዎቹን ባርኔጣ ትቆጥራለች። (እኛ ጃንጥላ ነበር የምንቆጥረው።) አንዱም ቤት የምትፈልገውን አይነግራትም። በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ለመምህሯ በጻፈችው ደብዳቤ እንዳልወሰነች ትናገርና፣ ልጅ ብትወልድ ግን ሃይማኖቱን ከጠዋቱ እንደምትነግረው ትጨምራለች፤ በ12 ዓመት መጀመር እንደሚዘገይ ከራሷ አይታለችና። ወላጆቿ ከስለት ነፃ ያወጧት ልጅ ገና ያልተወለዱ ልጆቿን ተሳለች ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ሃይማኖተኛ የሆነ የልጆች መጽሐፍ በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ይነሣልን ተብሎ አቤቱታ ከሚጎርፍባቸው መጻሕፍት ተርታ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ብሉም ልጆቿ ለሚማሩበት ትምህርት ቤት ቅጂዎች በስጦታ ብትሰጥ ርዕሰ መምህሩ መደርደሪያ ላይ አላስወጣውም። ምክንያት? ማርጋሬት ከምትለምናቸው ነገሮች መካከል ጡቷ እንዲያድግና የወር አበባዋ እንዲመጣ የሚለው ይገኛል። ሰዎቹን የሚያሳስባቸው ወጣቱ አምላኩን መርሳቱ ነበር፤ አንዷ ሳትረሳው ተገኘችና የለመነችበትን ጉዳይ አልወደዱትም። በኋለኞቹ እትሞች ጽሑፉ ሲሻሻል የተነካው የሞዴሱ ነገር ነው፤ በ1970 የነበረው ቀበቶ ቀርቶ ተለጣፊው ገባ። የሃይማኖቱ ጥያቄ ሳይነካ ቀረ፣ አላረጀማ።

መሳልን እስከ ጥጉ የወሰደው ደግሞ የናይጄሪያዊቷ የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ ዩጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ፐርፕል ሂቢስከስ» ውስጥ ይህ ሰው በኤኑጉ ከተማ የተከበረ ካቶሊክ፣ ባለ ፋብሪካ፣ ለድኻ እጁ የማይታጠፍ፣ ወታደራዊውን መንግሥት በድፍረት የሚተች ጋዜጣ ባለቤት ነው። ቄሱ ከመድረክ ሆነው ያሞግሱታል። እቤቱ ግን የልጆቹን ቀን በሰዓት ከፋፍሎ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ ጥናቱም ጸሎቱም ዕረፍቱም ሰዓት አለው። ማዕድ ሲባርክ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የገዛ አባቱ የአባቶቻቸውን እምነት ስላልተዉ ቤቱ አያስገባቸውም፤ ልጆቹ አያታቸውን እንዲያዩ የተፈቀደላቸው 15 ደቂቃ ነው፣ እህል ሳይቀምሱ። የ15 ዓመቷ ካምቢሊ ከአያቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሯን ስለደበቀች እግሯ ላይ የፈላ ውኃ ያፈስሳል። እያፈሰሰ ያለቅሳል። እዚህ ላይ የሚቀለድ ነገር የለም።

የሚገርመው ግን ካምቢሊን ማናገር የቻለችው አክስቷ ኢፌኦማም ካቶሊክ መሆኗ ነው። እሷ ስትጸልይ እግዚአብሔር ለቤተሰቡ ሳቅ እንዲሰጥ ትለምናለች፤ ካምቢሊ ይህን ስትሰማ ግራ ይገባታል። መጽሐፉን በውይይት መድረክ ሲያነሱት ግን ኢፌኦማን የሚጠቅስ ብዙም የለም። ግማሹ «ሃይማኖት እንዲህ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ሃይማኖታችንን ሰደበች» ይላል፤ ሁለቱም ዩጂንን ብቻ አንብበው ወጥተዋል።

በደራሲው ያን ማርቴል ልብ ወለድ ውስጥ የፓይ ወላጆች ደግሞ ስለ ሃይማኖት ደንታ የላቸውም። ልጁ ግን በፖንዲቸሪ ከተማ ሂንዱ ሆኖ ሳለ ክርስትናንም እስልምናንም ይጨምራል፣ ለማንም ሳይናገር። አንድ ቀን ከወላጆቹ ጋር በባሕር ዳርቻ ሲንሸራሸር ካህኑ፣ ኢማሙና የሂንዱው መምህር በአንድ ጊዜ ከፊታቸው ድቅን ይላሉ። ሦስቱም ይህን የመሰለ ምእመን ስላሳደጉ ወላጆቹን ሊያመሰግኑ ነው። ምስጋናው ሳያልቅ ጠቡ ይጀመራል። ያልተሳለ ልጅ መሐል ሜዳ ላይ ሲገኝ ባለቤት ነኝ ባዩ ይበዛል። በመጨረሻ ሦስቱ የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ልጁ አንዱን መምረጥ አለበት። (የወሎ ሰው በዚህ ትዕይንት እምብዛም አይደነቅም፤ አጎቱ ሙስሊም አክስቱ ክርስቲያን የሆነ ልጅ እዚያ ብርቅ አይደለም። እዚያ የሚጠየቀው «ከብቱን ማን ይባርከው?» ነው።)

በወላጅ ብቻ መሳቅ ደግሞ አድልዎ ይሆናል። ጀማሪ ደራሲዎችም የራሳቸው ስለት አላቸው። የጄምስ ጆይስ ስቲቨን እ.ኤ.አ. በ1916 በወጣው መጽሐፍ ክህነቱን እምቢ ብሎ ከአየርላንድ ሊወጣ ከተነሣ ወዲህ፣ ልብ ወለድ የጀመረ ወጣት ሁሉ ባለታሪኩን ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ከእምነቱ ማስወጣት ግዴታ ይመስለዋል። ያልካደ አላደገም! የጄምስ ቦልድዊን ጆን ግን በ14ኛ ዓመት ልደቱ ቀን፣ ሃርለም ውስጥ፣ በመሠዊያው ፊት ወድቆ ሌሊቱን ሙሉ ይታገልና ድኛለሁ ብሎ ይነሣል። ተንታኞች እንኳን ደስ ያለህ ይበሉት ወይስ ነፍስ ይማር ሳይስማሙ ይኸው እስከ ዛሬ አሉ።

የተሳለውና ያልተሳለው ልጅ ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩት በቻይም ፖቶክ «ዘ ቾዝን» ውስጥ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ብሩክሊን ውስጥ ሁለት አይሁዳውያን ወጣቶች ይወዳጃሉ። ዳኒ ሐሲዲም የሚባሉት ወግ አጥባቂ አይሁዳውያን መሪ ልጅ ነው፣ ወንበሩም ይጠብቀዋል፤ አባቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጥናት በቀር ከእሱ ጋር ቃል አይለዋወጥም። የሩበን አባት መምህር ነው፤ የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል፣ ጭራሽ ዳኒ ቤተ መጻሕፍት ተደብቆ ሲመጣ መጽሐፍ ይመርጥለታል። በመጨረሻ ረቢ ለመሆን የወሰነው ማንም ያልተሳለው ሩበን ነው። ለወንበሩ የተጠበቀው ዳኒ የሥነ ልቦና ትምህርት መረጠ። አባቱ ይህን ሲቀበል እንኳ መጀመሪያ በቀጥታ አላናገረውም፤ ሩበንን አስቀምጦ፣ ልጁ እየሰማ፣ ለሩበን ነገረው።

ፖቶክ ነገሩን ከቤቱ ነው የሚያውቀው። ወላጆቹ ከሃይማኖቱ ውጭ የሆነ ነገር ማንበቡን አይወዱለትም ነበር። እሱ ግን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ኢቭሊን ዎ ስለ አንድ እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቤተሰብ የጻፈውን ልብ ወለድ አነበበና ደራሲ ለመሆን ቆረጠ። የተፈራው መጽሐፍ ከሃይማኖቱ አላስወጣውም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ረቢ ሆነ፣ ኮሪያ ሄዶም በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሃይማኖት አባትነት አገለገለ፣ ልብ ወለዶቹንም ጻፈ። ታሪክ ልጽፍ ነው ብሎ ለእናቱ የነገራት ቀን ምን እንዳለችው ራሱ ይተርክ ነበር፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሁን፣ ጽሕፈቱን በጎን ትሠራዋለህ።