አልቫሬዝ ምሎ ነበር

የሚያበሳጨኝን ነገር ባወራ የሚስቅብኝ እንጂ የሚያዝንልኝ አይገኝም። ኑሮ ተወደደ አላልኩ፤ መብራት ጠፋ አላልኩ። አንድ መጽሐፍ ያለ ቦታው ተቀምጦ አየሁ፤ ይኸው ነው። ይኸው ሆኖ ግን አልለቅህ አለኝ።

ቦታው ላሊበላ ነው። ካረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ሳሎን ውስጥ፣ ከረከቦቱ በስተጀርባ፣ ባለ ሦስት ረድፍ የመጽሐፍ መደርደሪያ ቆሟል። ቱሪስት አንብቦ የጨረሰውን፣ ወይም ሻንጣው የከበደበትን እየተወ የሞላው ነው። በላይኛው ረድፍ «ስፖርት»፣ በመካከለኛው «የእግር ጉዞ»፣ በታችኛው «ልብወለድ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እስከዚህ ድረስ ማንንም የሚያስቀይም ነገር የለም። ጎንበስ ብዬ ታችኛውን ረድፍ ስመለከት ግን፣ በአንድ የፍቅር ታሪክና በአንድ የነፍሰ ገዳይ ታሪክ መካከል ተጣብቆ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ቁጭ ብሏል።

አልቫሬዝ እኮ ቄስ ነው! እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር መጥቶ ስድስት ዓመት የከረመ፣ ላሊበላንም በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን ካየ በኋላ ጭንቀት ያዘው። ይህን ሁሉ ብጽፍ ማን ያምነኛል ብሎ ብዕሩ ታከተው፤ በመጨረሻም የጻፍኩት እውነት ነው ብሎ በእግዚአብሔር ስም ማለ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ሲታተም «እውነተኛ» የሚለው ቃል ከርእሱ ላይ ሰፈረለት። የሊዝበን ሰው ባያምነው አልፈርድበትም። ከቤተ ጊዮርጊስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ የማለለት ድንጋይ ዛሬም ቆሞ ሳለ፣ «ልብወለድ» ተብሎ መመደቡ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

የመደርደሪያውን ኃላፊ አስጠራሁ። ኃላፊው ቀን እንግዳ ተቀባይ፣ ማታ አስተናጋጅ የሆነ ወጣት ነው።

«ይሄን መጽሐፍ እዚህ ማን አስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ምነው?»

«ልብወለድ እኮ አይደለም።»

«ሽፋኑ ላይ ፕሬስተር ጆን ይላል። ፕሬስተር ጆን የሚባል ንጉሥ ነበረን እንዴ?»

አልነበረንም። ፈረንጅ በሩቅ ሆኖ ያለመው ንጉሥ ነው። አልቫሬዝ ልብነ ድንግልን ሲያገኝ የሕልሙ ንጉሥ መስሎት ነው በዚያ ስም የጠራው።

«ቢሆንም ሰውየው ምሏል» አልኩት።

«እውነት የያዘን ሰው ምን ያስምለዋል ጋሼ?» ብሎኝ ሻይ ሊያመጣ ሄደ።

መልስ ስላጣሁለት የቀረውን መደርደሪያ መፈተሽ ጀመርኩ። ዴርቭላ መርፊ የምትባለዋ አየርላንዳዊት እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው፣ ከበቅሎዋ ጋር ኢትዮጵያን ያቋረጠችበት መጽሐፍ «ስፖርት» ውስጥ ገብቷል። በቅሎ ስላለበት እንደ ፈረስ ግልቢያ ተቆጥሮ መሆን አለበት። ሴትዮዋ ግን አብዛኛውን መንገድ የሄደችው በእግሯ ነው፤ በቅሎዋ የያዘችው ጓዝ ነው። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ፤ መጽሐፉም ወገኑ ቢጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። «የእግር ጉዞ» ውስጥ ደግሞ የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ተሰክቷል። ጆንሰን የእናቱን የቀብር ወጪ ለመክፈል ሲል እ.ኤ.አ. በ1759 በጥቂት ምሽቶች የጻፈው የአንድ የሐበሻ ልዑል ታሪክ ነው። ኢትዮጵያን አንድ ቀን አልረገጣትም። ታዲያ አንድም እርምጃ ያልሄደው ሰው ተጓዥ ተብሎ፣ ስድስት ዓመት የተንከራተተው ቄስ ወሬ ፈጣሪ ሊባል ነው?

ከራሴላስ ጎን እውነተኛ የእግር ጉዞ መጽሐፍ አገኘሁ። አልፍሬድ ዌይንራይት ይባላል ጸሐፊው። ኬንዳል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የማዘጋጃ ቤት የሒሳብ ሹም ነበር። በትርፍ ጊዜው እየወጣ በአካባቢው ያሉትን 214 ተራሮች ጻፋቸው። ሥራው ሰባት ቅጽ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1966 ወጣ። ገጾቹን በማተሚያ ፊደል አላስለቀመም፤ እንደኛ ቁም ጸሐፊ በእጁ ጽፎ፣ በእጁ ሥሎ ነው ያሳተመው። በየትኛው አጥር እንደሚታለፍ፣ ከየትኛው ድንጋይ ላይ ምን እንደሚታይ አንድ አላስቀረም።

የእነዚህ ሁሉ አውራ ስካፌል ፓይክ ነው፤ ቁመቱ 978 ሜትር። በእንግሊዝ ምድር ከሱ የሚበልጥ የለም። ላሊበላ ከተማ ግን 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርቷን ዘርግታ የተቀመጠችው እናት ሁለት የእንግሊዝ ተራራ ከነግማሹ ደራርባ ነው የተቀመጠችበት። ይህም ገና ግርጌው ነው። ከበላይዋ አሸተን ማርያም አለች፤ ከዚያም ወዲያ ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ አለ። ለነዚህ ስንት ቅጽ ሊያስፈልግ ነው?

የላሊበላ አገር ላስታ ዌይንራይት ብታገኝ ኖሮ ሰባቱ ቅጽ በአንድ መስመር ያልቅ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። «አሸተን ማርያም ሩቅ ነው?» ብዬ አንድ ገበሬ ብጠይቅ «ቅርብ ነው» አለኝ። «ምን ያህል ቅርብ?» «ያችን ጋራ ስታልፍ።» ጋራዋን አልፌ ሌላውን ብጠይቅ «እዚችው ናት» አለኝ። ይምርሐነ ክርስቶስስ? ቅርብ ነው። ገነተ ማርያምስ? እሱማ ምኑ ሩቅ! ሰዎቹ አልዋሹም። እህል ተሸክሞ ለገበያ ወርዶ፣ ጨውና ጋዝ ይዞ ማታ ለሚመለስ ሰው እውነትም ቅርብ ነው። ቅርብ ስለሆነም አይጽፈውም። ሰው የሚጽፈው የራቀውን ነው።

ወጣቱ ሻዩን ይዞ ሲመለስ «አማርኛ መጽሐፍ የለም?» አልኩት።

«ሐበሻ እንግዳ መጽሐፍ አይተውም።»

«ምን ይተዋል ታዲያ?»

«ቻርጀር» አለና የጠረጴዛውን መሳቢያ ስቦ አሳየኝ። የቻርጀር ሽቦ ተጠላልፎ ሞልቶታል።

እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። የጻፈ የለም አልልም፤ የተጻፈውን ገዝቶ፣ በሻንጣው ይዞ የሚመጣ ግን የት አለ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ ስለ ጃፓን መጽሐፍ ጻፉልን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙልን። እኛ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ግድም በሚሆን ጊዜ ላሊበላ ወርደን፣ ቤተ ጊዮርጊስ አናት ላይ ሆነን ፎቶ ተነሥተን፣ አዲስ አበባ ተመልሰን ስለ ላስታ ተናገሩ ስንባል «አንድ ፖርቹጋላዊ እንዲህ ብሏል» ብለን እንጀምራለን። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ያው ፖርቹጋላዊ! ዓይን የለንም? እግር የለንም? አንድ የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ሹም ቅዳሜና እሑዱን ሰውቶ የሠራውን ለመሥራት ምን ያንሰናል? ያንንም ተዉት፤ ሌላው የጻፈልንን ለማንበብ እንኳ ባትሪ እንጂ ገጽ አንቆጥርም።

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ወጣቱ «አብሽር ጋሼ» አለኝ። «መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ እኮ አለ። ገና ሲደርስ ቢመጡ ያዩታል።»

እውነቱን ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ ዳር ስንቁን ቋጥሮ፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ምእመን ሞልቷል። ከመካከሉም ዳዊቱን በማኅደሩ ከትቶ ትከሻው ላይ ያነገተ አይጠፋም። ያንን መጽሐፍ ክብደት በዛብኝ ብሎ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አይተወውም። መንገዱንም እንደ ስፖርት አይቆጥረውም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ዓለም ተደነቀ፤ ላሊበላ በባዶ እግሩ ለሚደርሰው ተሳላሚ ግን የአገሬው ሰው ወጥቶ እግሩን ያጥበዋል፤ ሰዓት የሚይዝለት የለም።

«ስለ ገና ካነሣህ» አልኩት፣ «ስፖርቱ ረድፍ ላይ የገና ጨዋታ የታለ?» ጌታ እንኳ እንዳይቆጣ የተደነገገበት፣ የተጫዋቹ ብዛት ያልተወሰነ፣ ሜዳው ወሰን የሌለው ጨዋታ እንዴት አንድ መጽሐፍ ያጣል? ወጣቱ ጥንጉ፣ ማለትም ኳሱ፣ የሚሠራው ከእንጨት ሥር ነው አለ። እኔ የማውቀው የጠፍሩን ነው አልኩ። ወጥ ቤቷ ከጓዳ ሆና በእነሱ አገር ሁለቱም እንዳለ ተናገረች። ማንም ያልጠየቀው ዘበኛ ከበር ገብቶ፣ የእንጨት መሆኑን ሊያስረዳ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቅልጥሙ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየን። ወጥ ቤቷ ጠባሳውን አይታ የጠፍር ነው አለች፤ ዘበኛው ተቆጣ፤ እራቱም በዚያው ምድጃ ላይ አረረ።