ሰሙ ለእሳት፣ ወርቁ ለወጣት

ለቅኔው ደብር ለዲማ ሰው የምሥራች አለን። በእንግሊዝኛው ዓለም የጥንት ተውኔት እየተፈታ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች በሚጥም ልቦለድ ይታደላል፤ የሚያድሉትም ሰዎች ርኅራኄ ወሰን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የሻሮን ድሬፐር «ሮሚየትና ሁሊዮ» ፍቅረኞቹ በኢንተርኔት ይተዋወቃሉ፤ መርዝም ጩቤም ሳይነካቸው ይተርፋሉ። በሊሳ ክላይን «ኦፊሊያ» (እ.ኤ.አ. 2006) ደግሞ ሼክስፒር ውሃ ያስበላት ልጅ የሞተች መስላ ታመልጥና ታሪኳን ራሷ ታወጋናለች። ቀዳሚው በጎ አድራጊ ናሁም ቴት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1681 የንጉሥ ሊርን ልጅ ከሞት አድኖ ዳራት፤ የእንግሊዝ መድረክም ከመቶ ዓመት በላይ ሠርጓን ሲያጅብ ኖረ። ሞትን ድል መንሣት የሃይማኖት ሥራ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካስ ብዕርም ይበቃል።

ታዲያ እኛስ ለምን ይቅርብን? የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁትን አቡነ ጴጥሮስን ይዞ ተመልካቹን ያስጨንቃል። ለወጣት ሲባል ግን አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ተራኪ ትግባበት፤ ከወታደሮቹ ለአንዱ ልቧ ይሸፍት፤ ጳጳሱም በጓሮ በር ይውጡ። የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤም ከዚህ ሥልጣኔ መቋደስ አለበት። እዚያ ድምፁ ገና ያልጎረነነ የቆሎ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ይወጣል፤ ወርቁን ከሰሙ ሥር ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ የሌላውን ቅኔ ቢደግም ያፍራል። ምን ያለ ጭካኔ ነው! የኔታ ሰሙን አቅልጠው ወርቁን ብቻ ቢያድሉት ልጁ አእምሮውን ሳያደክም ባለቅኔ በሆነ ነበር።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይመርራል፤ ተውኔት የቅኔ ዘመድ ነውና። በ«ኦቴሎ» ኢያጎ ከተያዘ በኋላ ለምን እንዲያ እንዳደረገ ቢጠየቅ ከእንግዲህ አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። ተመልካቹ ያን ዝምታ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቅናት ይሁን ጥላቻ፣ ምኞት ይሁን ባዶነት፣ የሚፈርደው እሱ ነው። ተውኔቱን በልቦለድ የሚያቀልለው ግን ለኢያጎ አንድ ምዕራፍ የከፋ ልጅነት ይሰጠዋል፤ ጥያቄውም ያኔውኑ ይዘጋል። ስለዚህ ቀለለ የተባለው ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ የአንባቢው ድርሻ አብሮ ተወስዷል።

«ሼክስፒር ራሱ ተውሷል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ሮሜዎንና ዡልየትን እ.ኤ.አ. በ1562 ከታተመው የአርተር ብሩክ ግጥም ወስዷል። ግን ተራኪውን አስወጥቶ ፍርዱን ለተመልካች ተወ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም የላፎንቴንን የእንስሳት ተረት ወደ መድረክ ሲያመጡ ተውኔታቸው «ፋቡላ» ባለሥልጣናትን አስቆጥቶ እስከ መታገድ ደረሰ። ሁለቱም የተዋሱትን አክብደው መለሱ፤ ተውኔትን አቅልሎ ቤተ መንግሥት ያስደነገጠ የወጣት ልቦለድ ካለ ይጠራልን። «የዲማ ልጅ ቴአትር ቤት የት አግኝቶ?» የሚለው ሙግት ግን ክብደት አለው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ተውኔቱን እንዳለ አሳትሙ፣ በትምህርት ቤት መድረክ አሠሩት፣ በሬዲዮ አሰሙት። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሐዲስ ዓለማየሁን ቃል በድምፁ ነፍስ ዘራበት እንጂ በዛብህን ከሞት አስነሥቶ አልዳረውም፤ ቴአትር ቤት ያላየው አድማጭም ተከትሎ አለቀሰ። ራቀ የተባለው መድረክ እንጂ የሰው ልብ እንዳልነበረ ያኔ ታይቷል። አሁንም «ለወጣቱ አዝነን ነው» ለሚሉን የዲማ ተማሪ ቅኔውን ይፍታላቸው፤ ሰሙ ርኅራኄ ነው፣ ወርቁ ግን «ይህ ትውልድ ማሰብ አይችልም» የሚል ስድብ ነው።