ክቡር ዳኛ፣ ስንት ላይክ አገኙ?

ፍርድ ቤት የሚባለው ነገር ጊዜው ሳያልፍበት አልቀረም። ክስ መስማት፣ ምስክር ማስማል፣ ማስረጃ መመርመር፣ ተለዋጭ ቀጠሮ መስጠት፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጣና ዳር የተቀመጠ ሰው በአንድ እጁ የዓሣውን እሾህ እየለቀመ በሌላኛው ስልኩን ነካ ነካ ሲያደርግ፣ ቡናው ሳይቀርብለት ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ይግባኝም የለው። አያቶቻችን ሌባሻይ ነበራቸው፤ ብላቴናው መድኃኒቱን ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬ መድኃኒቱን የሚያጠጣው አልጎሪዝም ነው፤ ልዩነቱ፣ ያኔ የሚሰክረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

የዚህን የስልክ ችሎት ትጋት ባሕር ዳር አይታዋለች። በ2015 ክረምት አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን በቤት አከራያቸው ተደፍራ ተገደለች። ሰውየው ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ፤ 25 ዓመት እስራትም ተፈረደበት። ክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶበት በከረመበት ዘመን ምስኪኖቹ ዳኞች ያለ ላይክና ያለ ሼር፣ በማስረጃ ብቻ ፈረዱ። እናቲቱ በነሐሴ 2016 ብሶቷን ስታሰማ ግን ሕዝቡ ደረሰ፤ የበይነ መረብ አቤቱታው ከ200,000 በላይ ፊርማ ሰበሰበ፤ የሟቿ ፎቶ ከገጽ ወደ ገጽ ዞረ። ሰውየው ይግባኝ ማለቱ ራሱ እንደ ሁለተኛ ወንጀል ተቆጠረበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የይግባኝን መብት ሲሰጥ «ለደጋግ ሰዎች ብቻ» የሚል ሐረግ መጨመር ረስቷል፤ ደግነቱ የኮሜንት ዳኞች አሟልተውለታል።

«ባይጮህ ኖሮስ? የሴትና የሕፃን ደም ስንቴ በዝምታ ተቀበረ?» የሚል ሰው እውነት አለው። በ2007 አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ተሳፍራ የታገተችው፣ በቡድን ተደፍራ የሞተችው የ16 ዓመት ተማሪ ጉዳይ ያን ያህል ትኩረት ያገኘው ሰው ስለጮኸላት ነው። ጩኸት የተኛ መዝገብ ከቀሰቀሰ፣ ለእናት ከለላ ካስገኘ፣ ሕግ ካስሻሻለ ይበል የሚያሰኝ ነው። 25 ዓመት አነሰ ለሚልም መንገድ አለው፤ የወንጀል ሕጉ ለከባድ የሰው ግድያ እስከ ዕድሜ ልክና እስከ ሞት ይሄዳል፣ ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ማለት ይችላል። «ክሱ በየትኛው አንቀጽ ቀረበ? ዐቃቤ ሕግስ ይግባኝ አለ ወይስ ዝም አለ?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ጥቂት ማንበብ ያስፈልጋል። «ስቀሉት» ለማለት ቻርጅ ያለው ስልክ ይበቃል።

«ፍርድ ቤቱን ማን አምኖ?» የሚለው ሌላው ሙግት ነው። አለማመኑ ከመሬት አልተነሣም። በኅዳር 2004 ኢቲቪ «አኬልዳማ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሲያሳይ፣ ተቃዋሚ ፖለቲከኛው አንዱዓለም አራጌና ሌሎች ገና በክስ ላይ ሳሉ በቴሌቪዥን አሸባሪ ተብለው አድረዋል። ከችሎት በፊት በስክሪን መፍረድን ያስተማረን መንግሥት ነው፤ እኛም ጎበዝ ተማሪዎች ወጣን። ዳኛን ከላይ የሚደወልለት ስልክ አበላሸው ብለን ስንማረር ኖረን፣ መድኃኒቱ ከታች የሚጮህበት ስልክ ነው ማለታችን ግን ለሐኪምም ያስቸግራል። ጎንበስ ማለት የለመደ ዳኛ አቅጣጫ አይመርጥም፤ ዛሬ ለእኛ ከጎነበሰ ነገ በእኛ ላይ ይጎነበሳል።

ምስክርና መስቀለኛ ጥያቄ የሌለበት ፍርድ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ከባሕር ዳር ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በጥቅምት 2011 ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም ለጥናት የሄዱ ተመራማሪዎች «ሕፃናትን በመርፌ ሊመርዙ መጡ» ተባለባቸውና ሁለቱ በሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ። ክሱ፣ ምርመራውና ቅጣቱ በአንድ ቀን አለቀ፤ በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ፍርድ ቤት አገሪቱ አልነበራትም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያለው የጥንት ሰው ይህን ቅልጥፍና ስላላየ ነው።

እስኪ የመንጋ ችሎታችን እንደተመኘው ይሁን፤ ዳኛው የፊርማውን ብዛት ቆጥሮ ቅጣቱን ያክብድ። ይህን ከማንም በላይ የሚወደው ወንጀለኛው ነው። እስከ ትናንት በእጁ ላይ የነበረው ማስረጃና የሕፃኗ ደም ብቻ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ «በጩኸት ተፈረደብኝ» የሚል አቤቱታም አለው። ያንን የጻፍንለት እኛ ነን፤ ለጠበቃ እንኳ አላስከፈልነውም።