አያ ውሻ የቆጠረው

ተረት ተረት። የመሠረት።

ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ወፍጮ ቤት ነበር። ከጀርባው በቆርቆሮ የታጠረ በረት፣ በበረቱ ውስጥ ጤፍ ሲያመላልሱ የሚውሉ አህዮች፣ አንዲት በቅሎና ለቄራ የሚቀለብ ሙክት። በሩ ላይ አያ ውሻ ይተኛል፤ ከራስጌው የዘበኛው ሬዲዮ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ሬዲዮው የአሜሪካን ምርጫ ሌት ተቀን ያወራ ጀመር። ሁለት ፓርቲዎች ናቸው አለ፤ የአንደኛው ምልክት ዝሆን፣ የሌላው አህያ።

«አህያ የሚነግሥበት አገር አለ?» አለች እመት አህያ ጆሮዋን አቁማ።

«ገና ነው። ማን እንደሚረታ አይታወቅም» አለ ውሻ።

ከዚያ ወዲያ በረቱ እንቅልፍ አጣ። አህዮቹ «ዘመዳችን ነው» ብለው ላላዩት አህያ ወገኑ። በቅሎ ግን፣ አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት የምትለዋ፣ ለዝሆኑ ቆመች። ጥቅምት 13 ቀን የዝሆኑ ሰው፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ፣ ግብፅ የህዳሴውን ግድብ ታፈነዳዋለች ብለው ሲናገሩ አህዮቹ በቅሎዋን ከበቧት።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች። «ዝሆን ሲመጣ ኮቴው ይሰማል። ከኋላ የሚራገጠው አህያ ነው።»

ሙክቱ እያመነዠከ፣ «ሁለቱም ሣር በል ናቸው» አለ። «እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው።»

ውርንጭላዋ ብቻ የልጅ ጥያቄ ጠየቀች። «የእኛስ ምርጫ?»

«በኮሮና ምክንያት ተራዝሟል።»

«ፕሬዚዳንትስ?»

«እሱን ሁለቱ ምክር ቤቶች ይጨርሱታል። ለግምት አይመችም» ብሎ ውሻ ወደ ሬዲዮው ዞረ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24፣ ሌሊት። ውሻው ከወፍጮው ደጅ የተንጠባጠበ አተር በአፉ እየለቀመ መሬት ላይ ደረደረ። ለአሪዞና 11፣ ለኔቫዳ 6፣ ለጆርጂያ 16፣ ለፔንሲልቬንያ 20። «270 ድምፅ የሞላ ያሸንፋል» አለ። ሁሉም አንገታቸውን ወደ አተሩ አስግገው ቆሙ። አንዱ ፍሬ ከጆርጂያ ወደ ኔቫዳ ቢንከባለል ጩኸት ይሆናል፤ ውሻ በአፍንጫው ገፍቶ ይመልሰዋል።

ከኋላ በኩል የአንዱ ቆርቆሮ ምስማር ከተነቀለ ሰንብቷል። ሁሉም ያውቃል። ነፋስ ሲመጣ ኳ ኳ ይላል፤ ነገ ይመታል እየተባለ ክረምቱ አልፏል። በዚያ ሌሊትም ኳ አለ። ነፋስ ግን አልነበረም። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

አያ ጅቦም ከወንዙ ወጥቶ፣ በቀዳዳው ብቅ ብሎ፣ እሱም እየቆጠረ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውርንጭላዋ ጋ ሲደርስ ቆጠራውን አቆመ።

ሲነጋ ያው ሬዲዮ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ፤ ሰሜን ላይ ጦርነት ተጀምሯል። እመት አህያ የተገነጠለውን ቆርቆሮ አየች፣ መሬቱን አሸተተች። «አያ ውሻ...» አለች።

«ቆይ» አለ ውሻ ዓይኑን ከአተሩ ሳያነሣ። «መጀመሪያ ፔንሲልቬንያ።»

አራት ቀን ቆየች። ጤፉን ግን አራቱንም ቀን ተሸከመች፤ ወፍጮ ምርጫም ሐዘንም አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28፣ ምሽት ከ1 ሰዓት በኋላ ፔንሲልቬንያ ለአህያው ሆነ። ውሻ ከተኛበት ዘሎ ቡልጋሪያን በጩኸት አናወጠው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ያን ጊዜ ነው። «አህያው አሸነፈ! ከ270 አለፈ! አላልኳችሁም?» በቅሎዋ «ተጭበርብሯል» ብላ ፊቷን ወደ ግንብ አዞረች።

እመት አህያ አላናፋችም። ግማሽ ኩንታሉ ከጀርባዋ አልወረደም ነበር፤ እንደተሸከመች ቀስ ብላ ወደ በሩ መጣች።

«አያ ውሻ፣ አንተ ቁጥር ታውቃለህ» አለች። «እስኪ ንገረኝ። ማክሰኞ ማታ እዚህ በረት ውስጥ ስንት ነበርን?»

ውሻ አፉን ከፈተ። ወደ በረቱ አየ፣ ወደ አተሩ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አተሩን እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።